የበዓል ብስኩት በስቴንስል ስለ ማስጌጥ፤ ለጾም ቀን የሚሆነውንም ጨምሮ

(በ2018 ዓ.ም. የክረምት ስብሰባችን ላይ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ንግግር ነው። በዝናቡ ምክንያት መምጣት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



 የጎርፍ ቦዩና የጥበቃ ክፍያው ጉዳይ አልቀረም፣ ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ብስኩት እንነጋገራለን። በስብሰባ ላይ ስለ ብስኩት ይወራል ወይ ብሎ የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ፣ አንከለክልም። ነገሩ ግን የደብተር ጉዳይ ነው።

እንደምታስታውሱት ለ2017 እንቁጣጣሽ ማኅበራችን ብስኩት ጋግሮ፣ በላዩ ላይ የስኳር አበባ አውጥቶ፣ በየቤቱ እየዞረ በመሸጥ በሰፈራችን ለሚገኙ አቅም ላነሳቸው አሥራ አንድ ልጆች ደብተር ለመግዛት ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። እኅቶቻችን ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኙም። ሦስት ትሪ ሙሉ ብስኩት ወጣ፤ ማማሩን ያየ ሁሉ መስክሯል። ይሁን እንጂ በዓሉ የዋለው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ መሆኑንማ ሁላችንም እናውቃለን፤ በብስኩቱ ውስጥ ቅቤና እንቁላል፣ በላዩ ባለው ነጭ ቅብ ውስጥ ደግሞ ጥሬ የእንቁላል ነጭ መኖሩን ከቀኑ ጋር ያገናኘ ሰው ግን ከመካከላችን አልነበረም። ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል። እንቁጣጣሽ እንደዚያ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድነው ከታች ግቢ ወዳሉት እናታችን ቤት ነው። ቡና አፍልተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ሳህኑን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። «እጃችሁ ይባረክ ልጆቼ፣ አበባውስ አደይን ይመስላል። ዛሬ ግን ረቡዕ እኮ ነው» አሉን። ብሩን ከመቀነታቸው ፈትተው ሊሰጡን ፈለጉ፤ ብስኩቱን ግን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መለሱልን። ያልቀመሱትን ነገር ብር ልንቀበልበት አልቻልንም። የምንገባበት ጠፋን። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቤት የገጠመን ይኸው ነው። በመጨረሻ ከሦስቱ ትሪ አንዱ ብቻ አለቀ፤ እርሱንም የገዙን አብዛኞቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን። በተገኘው ገንዘብ ለአራት ልጆች ብቻ ደብተር ተገዛ። የሰባቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት እስከ ዛሬ በጽሕፈት ቤታችን ፋይል ውስጥ አለ።

በ2018 በዓሉ ሐሙስ ስለዋለ ሦስቱም ትሪ አልቋል። ያለቀው ግን እኛ ተምረን ሳይሆን ቀኑ አግዞን ነው። የ2019 እንቁጣጣሽ ደግሞ ዓርብ ይውላል። ስለዚህም የዛሬው ንግግር ዋና ፍሬ ነገር፣ ጿሚውም የማይጾመውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ሳህን ሊያነሳው የሚችል ያማረ ብስኩት እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው። ሥራውን እየሠራን ስላየነው፣ የተሳሳትነውንም አብረን እንናገራለን።

መጀመሪያ ስቴንስል ምን እንደሆነ። በድሮ ጊዜ በቢሮ የሠራችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ፤ ሰም የተቀባ ወረቀት በታይፕ ተመትቶ ማባዣው ላይ ይጠቀለላል፤ ቀለሙም ፊደሉ በበሳው ቦታ ብቻ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። የቡና ጆንያ ላይ ያለውን ጽሕፈትም አይታችሁ ይሆናል፤ ፊደሉ የተቆረጠበት ዝርግ ነገር ጆንያው ላይ ተደርጎ ቀለም ይቀባበታል። በብስኩትም ላይ የሚሠራው ይኸው ነው። በቀለሙ ፈንታ ስኳር፣ በጆንያው ፈንታ ብስኩት ይሆናል ማለት ነው። ጥቅሙም፣ እጁ ሥዕል የማያውቅ ሰው ሁሉ ሥዕል የሚያውቅ ይመስላል። የእኛን እጅ ያየ ሰው ይመሰክራል፤ ከቃለ ጉባዔ በቀር ሌላ ነገር ጽፈን አናውቅም።

ስቴንስሉን ከምን እንቁረጠው? ከእርጎ ወይም ከማርጋሪን ዕቃ ክዳን። ምግብ የሚያዝበት ፕላስቲክ ስለሆነ አያሰጋም፤ ይታጠባል፤ አይጣመምም። ካርቶን ለአንድ ቀን ያገለግላል፤ እርጥብ ቅብ ሲነካው ግን ይረጥብና ይነሳል። አሮጌ የራጅ ፊልም ለዚህ ሥራ ያመጡልን ሰዎች ነበሩ። ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻል፤ ነገር ግን ብር ያለበት ኬሚካል የተቀባ ነውና ለግድግዳና ለጆንያ ጽሕፈት ይሁን እንጂ ወደሚበላ ነገር አይጠጋ። የሚቆረጠውም በአዲስ ምላጭ፣ ከሥሩ ጣውላ ተደርጎ ነው። ምላጩን ልጆች አይነኩም። ለልጆች የሚሆን ሥራ ሞልቷል፤ እንመጣበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ያደከመን ነገር አለ። በ2018 «መልካም በዓል» ብለን ልንጽፍ ተነሣን። ከጋዜጣ ርዕስ ላይ ፊደሉን በስስ ወረቀት ገልብጠን፣ በክዳኑ ላይ አድርገን ቆረጥን። ሲያልቅ ስናየው «መ» ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ሆኗል። የፊደሉ ዐይን፣ ማለት በቀለበቱ መካከል ያለችው ክብ፣ ዙሪያዋ ሲቆረጥ የሚይዛት ነገር ስለሌለ ወደቀች። «መ» ሁለት ዐይን አለው፤ «ም» ሁለት፤ «ዓ» አንድ። በጠቅላላው አምስት ዐይን ከጠረጴዛ ሥር ለቀምን። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዐይን ድልድይ መተው ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀጭን ማያያዣ ሳይቆረጥ ይቀርና ዐይኑን ከዳር ጋር ይይዘዋል። ቅቡ ካረፈ በኋላ ድልድዩ የነበረበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል፤ እርሱን በስቴኪኒ ጫፍ መሙላት ይቻላል። «ቀ»ም «ፀ»ም እንደዚሁ ናቸው። «በ» እና «ለ» ግን ከታች ክፍት ስለሆኑ አያስቸግሩም። በቸኮለ ቀን ዐይን የሌለው ፊደል መምረጥ ነው።

ሌላው፣ ሙሉ ቃል በአንድ ብስኩት ላይ አይገባም። ብስኩታችንን የምንቆርጠው በሻይ ብርጭቆ አፍ ስለሆነ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፊደል በፊደል አደረግነው፤ መ፣ ል፣ ካ፣ ም፣ በ፣ ዓ፣ ል። ሰባት ብስኩት አንድ እሽግ ይሆናል። አንዱ ቤት ስናደርስ ሕፃኑ ሮጦ «ም»ን በላና ሳህኑ ላይ «መልካ በዓል» ቀረ። እናቱ ልትቆጣው ነበር፤ አባባ ግን ስቀው «ተዪው፣ ገብቶናል» አሏት።

ከፊደል ሌላ የሚያምረው የአደይ አበባ ነው። የአበባው ቅጠሎች አንድ ባንድ ስለሚቆረጡ በመካከላቸው የሚቀረው ፕላስቲክ ራሱ ድልድይ ይሆናል። ጀበናም ያምራል፤ የጆሮው ክብ ግን እንደ ፊደል ዐይን ነውና ድልድይ አትርሱ። የነጠላ ጥለት የሚያውቁ እኅቶች ከጥለቱ የወሰዱት ባለ ማዕዘን ጌጥ ከሁሉ በላይ ተወዶልናል። ወንዶች ልጆች በእንቁጣጣሽ ሥዕል ስለው በየቤቱ እንደሚያድሉ ታውቃላችሁ፤ ከእነርሱም ሥዕል አንዱን ወስደን ስቴንስል ቆርጠንበታል። የሣለው ልጅ ያን ቀን ከትሪው አልራቀም።

በኮሚቴው ውስጥ መስቀል ይደረግበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ተወያይተንበት ለማኅበሩ ብስኩት የማንንም ሃይማኖት ምልክት ላለማድረግ ተስማምተናል። በየቤታችሁ የምትሠሩት ግን የራሳችሁ ነው።

አሁን ወደ ብስኩቱ። ስቴንስል የሚያምረው ዝርግ በሆነ ነገር ላይ ነው፤ ያበጠ ብስኩት ላይ ስቴንስሉ ይወዛወዛል፣ ቅቡም ከሥር ይገባል። ስለዚህም በሊጡ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር አይገባም። ለማይጾም ቀን 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳርና አንድ እንቁላል ይበቃል። የገበታ ቅቤ ያልነው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከቤት የመጣ ንጥር ቅቤ ገብቶ ብስኩቱ ሁሉ ኮረሪማና ኮሰረት ሸተተ። ተበላ፤ ግን ሁሉም «እንጀራው የታለ?» ይል ነበር።

ለጾም ቀን ደግሞ 400 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ማርጋሪን፣ 150 ግራም ስኳርና ሊጡ እስኪያያዝ ድረስ ሦስት አራት ማንኪያ ውሃ ነው። ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፤ ወተት የሚገባበት አለና በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳታነቡ አትግዙ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ወደ ጽሕፈት ቤት አምጡት፣ እናነብላችኋለን። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይረፍ፤ ከዚያ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተዳምጦ ይቆረጥ። ምድጃው 180 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፤ ዳር ዳሩ መቅላት ሲጀምር ይወጣል። ምድጃ የሌለው ዳቦ ቤት ያስጋግር፤ ነገር ግን ዳቦው ከወጣ በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ይግባ። ከዳቦው ጋር አብሮ ከገባ ያርራል።

ዋናው ነገር አሁን ነው፤ ቅቡ። ኬክ ቤቶች አይሲንግ ይሉታል። የተለመደው አሠራር አንድ የእንቁላል ነጭ ከ150 ግራም ያህል የላመ ስኳርና ከጥቂት የሎሚ ጠብታ ጋር መምታት ነው። ነጭ ሆኖ፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ነው። ነገር ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የጾሙ ነው። ሁለተኛው፣ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሐዋስያን ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌዎች አይመከርም። ነጩንና ስኳሩን በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እያማሰሉ 71 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል፤ ታዲያ ከመካከላችን የምግብ ቴርሞ ሜትር ያለው ማን ነው?

ስለዚህ ወደ ሽምብራ ዞረናል። አዎ፣ ሽምብራ። ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ያወጣል። ምክንያቱም ሲቀቀል ከፍሬው የወጣው ፕሮቲንና ስታርች በውሃው ውስጥ ይቀርና አረፋውን አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን በ2014 እ.ኤ.አ. ዦኤል ሮሴል የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ዘፋኝ ሞክሮ አሳየ፤ በዓመቱም ጉስ ዎልት የተባለ አሜሪካዊ አኳፋባ ብሎ ስም አወጣለት፤ በላቲን ውሃና ባቄላ ማለት ነው። እኛ በአገራችን ስንት ዘመን ሽምብራ ስንቀቅል ውሃውን ስንደፋ ኖርን! ይሁን፣ አልረፈደም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሽምብራው ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፤ የሚፈለገው እርሱ አይደለም። በአዲስ ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ እስኪበስል ይቀቀላል። ያለ ጨው ማለታችንን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሙከራችን የተበላሸው አንዷ እኅት ከልማድ አንድ ቁንጥር ጨው ጣል ስላደረገች ነው። ከበሰለ በኋላ ከነውሃው ቀዝቅዞ ይደር። በማግሥቱ ይጠለልና ውሃው ብቻ እንደገና እሳት ላይ ተጥዶ እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር እስኪል ይንተከተክ፤ ከዚያ ይቀዝቅዝ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት። ነጩ ሽምብራ ይመረጣል፤ ከቡናማው የሚወጣው ውሃ ጠቆር ስለሚል ቅቡም አይነጣም። የተቀቀለውን ሽምብራ በጨውና በሚጥሚጣ ሠራተኛው ይበላዋል፤ የሚጣል ነገር የለም።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዚህ ውሃ አንድ የእንቁላል ነጭ ይተካል። አረፋ እስኪያወጣ ይመታ፤ ሚክሰር ካለ አምስት ደቂቃ፣ በሹካ ከሆነ ተቀባብሎ መምታት ነው፤ ጎረምሶቹ ለዚህ ይፈለጋሉ። ከዚያ የላመ ስኳር ጥቂት በጥቂት፣ እስከ 160 ግራም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂም ይጨመር። ሎሚው የሽምብራውን ሽታ ያጠፋዋል። ማን ነግሮህ ካልሆነ በቀር ሽምብራ መሆኑን አታውቀውም። ከታች ግቢ ያሉት እናታችን ቀምሰው «የምን ሽምብራ ነው የምትሉት?» ብለው ተከራክረውናል።

የላመ ስኳር ከሱቅ ሲገዛ ይወደዳል። ተራውን ስኳር በቡና መፍጫ መፍጨት ይቻላል፤ ለ200 ግራም አንድ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ተጨምሮ፣ በስስ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይነፋ። ያልተነፋ እንደሆነ ቅቡ አሸዋ አሸዋ ይላል። መፍጫውም በደንብ ይጠረግ፤ ካልሆነ ነጩ ቅብ ቡና ቡና ይሸታል፤ ክፉ ሽታ ባይሆንም።

ቅቡ በሁለት ዓይነት ይዘጋጃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ቀጠን ያለው፣ ብስኩቱን መላ የሚያለብሰው ነው። ከማንኪያ ሲንጠባጠብ በላዩ ላይ የሠራው መሥመር እስከ አሥራ አምስት ስንቆጥር ከጠፋ ልክ ነው፤ ካልጠፋ ጥቂት ውሃ ይጨመር። ሁለተኛው ወፍራሙ፣ በስቴንስል የሚቀባው ነው። ይህ እንደ ጥርስ ሳሙና መሆን አለበት፤ ስኳሩ እስከ 200 ግራም ከፍ ይበል። ቀጭን ከሆነ ከስቴንስሉ ሥር እየገባ ፊደሉን ያጨማልቀዋል። በጣም ከጠነከረ ደግሞ ስቴንስሉ ሲነሳ እየተቀደደ ይወጣል። ሁለቱም ዓይነት በሰሃን ሲቀመጥ በረጠበ ጨርቅ ይሸፈን፤ አለዚያ ቆዳ ያወጣል።

መጀመሪያ ብስኩቱ በቀጭኑ ይለበስና ይደር። ይደር ስንል ሌሊቱን ሙሉ ነው። ጳጉሜን የዝናብ ወር ስለሆነች አየሩ እርጥብ ነው፤ የሽምብራውም ቅብ ከእንቁላሉ ዘግይቶ ይደርቃል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ያልበዋል። ምድጃው ጠፍቶ ሙቀቱ ካልወጣ ክፍል ውስጥ፣ ሳይደራረብ፣ ዝንብ እንዳይደርስበት በስስ ጨርቅ ከፍ ተደርጎ ተሸፍኖ ይደር። በጣት ሲነካ የጣት ምልክት ከወጣበት ገና ነው። ሳይደርቅ ስቴንስል ያደረገ ሰው የታችኛውን ጭምር ገፎ ያነሳዋል። እኛ አንድ ትሪ ሙሉ እንዲህ ገፈናል፤ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንሠራ መድረቁን ሳናይ ቸኩለን።

ከደረቀ በኋላ ያለው ሥራ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ስቴንስሉን በብስኩቱ ላይ በሁለት ጣት ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ይህ የልጆች ሥራ ነው፣ ይወዱታልም። ሁለተኛው ወፍራሙን ቅብ በገበታ ቢላ ጠርዝ ይዞ፣ ቢላውን አጋድሞ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይስበዋል። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ወዲያና ወዲህ ማመላለስ የለም፤ ግድግዳ እየለሰንን አይደለም። ትርፉ ተጠርጎ ከተነሳ በኋላ ስቴንስሉ በአንድ ዳር ተይዞ፣ ሳይንሸራተት፣ እንደ ድስት ክዳን ወደ ላይ ይነሳል። ይቺ ናት ሁሉም ትንፋሹን የሚይዝባት። ከተነሳ በኋላ ፊደሉ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚጮኹ በማኅበሩ ቤት አካባቢ ያላችሁ ሰምታችኋል።

በአራትና በአምስት ብስኩት መካከል ስቴንስሉ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ፤ ከሥሩ የተጠራቀመው ቅብ የሚቀጥለውን ያበላሸዋል። የተበላሸ ካለ ሳይደርቅ በቢላ ጠርጎ በረጠበ ጨርቅ አበስ አድርጎ እንደገና መሥራት ይቻላል፤ የታችኛው ልባስ ከደረቀ ይችላል።

ይህ ሁሉ የበዛበት ሰው ቀላሉን ያድርግ። ስቴንስሉን ባልተቀባ ብስኩት ላይ አድርጎ የላመ ስኳር ወይም ካካዎ በወንፊት መንፋት ብቻ ነው። ለቤት እንግዳ ያምራል። ለሽያጭ ግን አይሆንም፤ ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ጌጡ ይራገፋል።

ስለ ቀለም በአጭሩ። ቢጫው ከእርድ ነው፤ አንድ ቁንጥር በአንድ ማንኪያ የፈላ ውሃ ተበጥብጦ፣ በጨርቅ ተጠሎ፣ በጠብታ ይገባል። ከበዛ ወጥ ወጥ ይላል። ሮዙ ቀይ ሥር ተፍቆ ከተጨመቀው ይገኛል። አረንጓዴ ከጎመን ሞክረን ነበር፤ ሽታው ራሱን ስላጋለጠ ትተነዋል። ቀለሙ ፈሳሽ ስለሆነ ቅቡን ያቀጥነዋልና በዚያው ልክ ስኳር ይጨመር።

ከሙስሊም ወንድሞቻችን የቀረበውን ጥያቄም አንዘልለውም። ሐጂ ባለፈው ስብሰባ በላዩ የሚነሰነሰውን ነገር ጠይቀውን ነበር። ከምን እንደተሠራ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ጀላቲን ያለበት ጌጥ፣ እንዲሁም በአልኮል የተዘጋጀ የቫኒላ ፈሳሽ አንጠቀምም። ቫኒላ የፈለገ ዱቄቱን ይግዛ። ይህ በመዝገብ ገብቷል።

የሥራው ቀን አከፋፈል ይህ ነው። ለሙከራ ቅዳሜ ነሐሴ 2፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ በማኅበሩ ቤት እንገናኛለን፤ ጿሚውም መቅመስ እንዲችል ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ለበዓሉ ደግሞ ጳጉሜን 2 መጋገር፣ ጳጉሜን 3 ማልበስ፣ ጳጉሜን 4 ስቴንስል፣ ጳጉሜን 5 ማሸግና ማድረስ። ማኅበሩ ዱቄትና ስኳር ያቀርባል። ከእናንተ የምንፈልገው የእርጎ ዕቃ ክዳን፣ ንጹሕ ወንፊትና ሰው ነው። ምድጃቸውን ሊያውሱን ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ሦስተኛ ብናገኝ በአንድ ቀን ይጠናቀቅልናል። ዘንድሮ የተመዘገቡት ልጆች አሥራ ሦስት ናቸው።

ወደ ቦዩ ጉዳይ ከመሻገራችን በፊት አንድ ነገር። ለሙከራው ቀን ሽምብራው ሐሙስ ማታ መዘፍዘፍ አለበት፣ ዓርብ ይቀቀላል፣ ከነውሃው ያድራል። ይህን በቤቱ የሚያደርግ አንድ ሰው እንፈልጋለን። ያለ ጨው። እጅ ይውጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ